እናት የምትተኛበት ሌሊት

በእድራችን ደብተር ላይ ስሟ ከቅጣት የማይጠፋ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ቀብር ላይ ስም ሲጠራ የለችም። ለቅሶ ቤት እንጀራ ይዛ አትመጣም። ማኅበሯንም ትታለች። የሰፈሩ ሰው «ኮራች» ይላት ነበር። ቤቷ ውስጥ ግን ራሱን ችሎ የማይቀመጥ፣ የማይናገር፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ የሚጥለው የሰባት ዓመት ልጅ ነበራት። አንድ ቀን የአባቷ መርዶ መጣ። አገሯ ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ ነው። ልጁ ከብዷል፣ አዝላው የምትወርደው መንገድ አይደለም። እናቴን «እትዬ፣ አንዲት ሌሊት ብቻ» አለቻት።

ከደጃፍ ቆማ የነገረችን ዛሬም አይረሳኝም። በግራ ጎኑ አታስተኙት፣ ያለቅሳል። ቀጭን ነገር ያንቀዋል፣ አጥሚቱን ወፈር አድርጋችሁ ቀና ብሎ በማንኪያ ይጠጣ። ሊጥለው ሲል ቀኝ እጁን ይጨብጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን፣ ፌኖባርቡን፣ ማታ እንዳትረሱ። ብዙ ዝም ካለ ሆዱን ዳብሱት፣ ደርቆበት ይሆናል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ ከበሩ ግን ሁለት ጊዜ ተመለሰች።

እናቴ ያን ሌሊት አልተኛችም። ነርስ አይደለችም፣ የሰማችውን ግን ሁሉንም አደረገች። እኔ ብዙ ዘመን ቆይቼ ነው ያች የበር ላይ ዝርዝር በሌላ አገር ስም ያላት፣ ወረቀት ላይ የምትጻፍ፣ ነርስ ፈርማ የምትረከባት ነገር መሆኗን ያወቅሁት። ለዚያች አንዲት ሌሊት ተብሎ የተሠራ ቤትም አለ። እንግሊዞች «አጭር እረፍት» ይሉታል። እኔ የእፎይታ ቤት ብለው ይሻለኛል፤ እፎይ የሚለው ማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራልና።

የእፎይታ ቤት ሆስፒታል አይደለም፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያም አይደለም። ጥቂት አልጋ፣ ማዕድ ቤት፣ መጫወቻና ግቢ ያለው ተራ ቤት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ዓርብ ከትምህርት ቤት መጥቶ እሑድ ይመለሳል፣ ወይም በወር አንድ ሁለት ሌሊት ያድራል። ብዙዎቹ ልጆች ከውስንነቱ ጋር ሌላም አለባቸው፤ የሚጥል በሽታ፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የመዋጥ ችግር፣ ኦቲዝም። ነርስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። (የአእምሮ እድገት ውስንነትና የአእምሮ ሕመም በእኛ ዘንድ ይምታታሉ። ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ፣ ታክሞም ሊድን ይችላል። ውስንነት ግን ከልጅነት የሚጀምር የእድገት ሁኔታ ነው፣ በመርፌ አይወጣም።)

ሥራው በእንግሊዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚያ ነርስነት አራት ዘርፍ አለው፤ የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ እድገት ውስንነት። የመጨረሻው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ከወጣው የነርሶች ሕግ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ታሪኩ ግን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን እነዚህ ልጆች ከከተማ ውጭ በተሠሩ ግዙፍ ሆስፒታሎች ገብተው በዚያው ይቀሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በካርዲፍ ኤሊ ሆስፒታል የተፈጸመው በደል በምርመራ ተጋለጠ፣ በ1971 መንግሥት ሰዎቹ ከሆስፒታል ወጥተው በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዲኖሩ የሚል ፖሊሲ አወጣ። ልጅ ቤቱ ይደግ ሲባል ታዲያ ሌሊቱን የሚሸከመው ማን ነው? እናት። እናትም ሰው ናት፣ ትወድቃለች። እሷ ስትወድቅ ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ግዙፍ ሆስፒታል ነው። የእፎይታ ቤት የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ለእነዚህ ልጆች ወላጆች የቀንም የሌሊትም እረፍት እንዲያዘጋጁ በመንግሥት ደንብ ተገደዋል። እረፍቱ የሚሰጠው ለእናት ብቻ ሳይሆን ለልጁም ተብሎ ነው፤ እሷ ሳትወድቅ እሱም ከቤቱ እንዲቆይ።

ልጁ ድንገት መጥቶ አያድርም። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ለመክሰስ ይመጣል። ቀጥሎ ያለ እናቱ ራት ይበላል። ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሌሊት የሚያድረው። ነርሷ በዚህ ጊዜ የምትሠራው አንድ ነገር ነው፤ እናትየዋን ታወራታለች። ውኃ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ሲያመውስ? የትኛው ዘፈን ያስተኛዋል? ትጽፋለች። በኔ ግምት የዚህ ሙያ ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ የተማረ ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ካልተማረች እናት መማር መቻሉ።

በመጣ ቁጥር ርክክብ አለ። መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ ከነስሙ ይቀርባል፣ ፍሬው በእናትና በነርስ ፊት ተቆጥሮ ይጻፋል። ቀጥሎ ገላው ይታያል፤ የተላጠ፣ የበለዘ፣ የቀላ ካለ በሰው ቅርጽ ሥዕል ላይ ቦታው ምልክት ይደረግበታል። ለእናት ጥርጣሬ ሊመስል ይችላል። ግን ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ልጁ ማን እንደመታው መናገር አይችልም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ይናገርለታል፤ በቤተሰቡም በነርሷም ላይ።

ምግብ ቀላሉ ሥራ ይመስላል። አይደለም። የመዋጥ ችግር ያለበት ልጅ ተንጋሎ ከተጋተ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ሳል ላይኖር ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ የሳንባ ምች ሆኖ ነው የሚታወቀው። አገራችን ውስጥ ሕፃን ጭን ላይ አንጋሎ መጋት ከጥንት የኖረ ልማድ ነው፣ ለእንዲህ ያለው ልጅ ግን አደገኛ ነው። ነርሷ ጀርባውን ታቃናለች፣ አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፣ ማንኪያውን ከፊት እንጂ ከላይ አታመጣም። የመጀመሪያው ጉርሻ መዋጡን ሳታይ ሁለተኛውን አትሰጥም። አንድ ሳህን አርባ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በአፉ ጨርሶ የማይችለው ደግሞ ከሆዱ በተተከለ ቱቦ ይመገባል፤ ሌሊት ሲፈስለት ራስጌው ከፍ ማለት አለበት።

ከዚያ ሲጥለው። እኛ ዘንድ ክብሪት ተጭሮ ጭሱ ይሸተታል፣ ጥርስ መካከል ማንኪያ ይገባል። ሁለቱም ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። ነርሷ መጀመሪያ የምታየው ሰዓቷን ነው። በጎኑ ታስተኛዋለች፣ ከራሱ ሥር ልብስ ታደርጋለች፣ አፉ ውስጥ ምንም አታገባም፣ እጅ እግሩንም አትይዝም። አብዛኛው በሁለት ሦስት ደቂቃ ያበቃል። አምስት ደቂቃ ካለፈ በራሱ ስም የተጻፈው መመሪያ ይወጣል፤ መንዘፍዘፉን የሚያቆም መድኃኒት፣ ሚዳዞላም በጉንጩና በድዱ መካከል ወይም ዳያዜፓም በፊንጢጣ ይሰጠዋል፣ አምቡላንስ ይጠራል። መመሪያው ለሁሉም አንድ አይደለም። ለአንዱ ልጅ የተለመደው አራተኛ ደቂቃ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል።

በጣም የሚከብደው ግን የሚታየው ሕመም አይደለም፣ የማይታየው ነው። ልጁ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል እንበል። «ያው እንደዚህ ነው፣ አመሉ ነው» ይባላል። የዚህ ሙያ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህን አባባል ነው። የእድገት ውስንነቱ ሌላውን ሕመም ሁሉ ይሸፍነዋል። ጆሮው መግል ይዞ ይሆናል፣ ጥርሱ ተበልቶ፣ ጨጓራው ወደ ላይ እያቃጠለው፣ ሆዱ ለስድስት ቀን ደርቆ። ስለዚህ የሰገራ መዝገብ ይያዛል፤ ጣፋጭ ወሬ አይደለም፣ ግን ስንቱ «አመል» በዚያ ደብተር ተፈትቷል! አመል ሲለወጥ ነርሷ መጀመሪያ ከጆሮ እስከ እግር ትፈትሻለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ አመል የምታወራው።

ሌሊቱ ረጅም ነው። የሌሊት ተረኛዋ አትተኛም። መገላበጥ የማይችለውን በየጥቂት ሰዓቱ ታገላብጣለች፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቢከፈት አንድ ተጨማሪ ሥራ ይኖራታል፤ ብርዱ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጡንቻው የሚኮማተር ልጅ ሲበርደው ይበልጥ ይገተራል፣ ሕመምም ይሆንበታል፤ የማይንቀሳቀስ ገላ ደግሞ ራሱን አያሞቅም። የመንዝ ባና ወይም ከከተማው ፋብሪካ የወጣ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ግን ክልክል ነው። የከሰል ጭስ የሚናገረውንም ልጅ ሳያስነቃ ይገድላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ አስገራሚ መነሻ አለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በሕፃናት ነርስነት ተመዝግበዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣትነታቸው አረፉ። ስማቸው ለሆስፒታል ተሰጥቶ ነበር፤ የተማሩት የሕፃናት ነርስነት ግን እስከ እነዚህ ልጆች ቤት አልዘለቀም።

ለእነዚህ ልጆች በሩን የከፈቱት ራሳቸው እናቶች ናቸው። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 አርፈዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በኋላ ተከትሏል። ሁለቱም የቀን ውሎ ናቸው። ማታ ልጁ ወደ እናቱ ይመለሳል፣ ሌሊቱም የእሷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጅ ላላቸው ወላጆች ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ጥሩ ነገር ነው። እናትን ያስተምራል፣ ስለ ራሷ ድካምም ያወራል። አያሳርፋትም።

በሰሜን ሸዋ እናት ልጇን ይዛ ከቤት ወጥታ የምታድርበት የታወቀ ቦታ ቢኖር ጸበል ነው። ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ። ቀልድ አይደለም፣ እዚያ የሚገኘውን ነገር አውቃለሁ፤ ሌላ እናት ታገኛለች፣ ማንም ልጇን አፍጥጦ አያይባትም፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትጠብቃለች። እረፍት ነው። የማልስማማው መድኃኒት ሲቋረጥ ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ከቆመ ያልተቋረጠ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ፌኖባርብ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያስፈልገው ሰው እዚሁ አጠገባችን አለ። ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል አላት፣ ዩኒቨርሲቲዋ በሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ነርሶችን ያስተምራል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ በየትኛው ቤት በር ተዘግቶበት የሚውል ልጅ እንዳለ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አንድ ቤት፣ አራት አልጋ፣ ተማሪ ነርሶች ከመምህራቸው ጋር እየተፈራረቁ የሚሠሩበት። ከዚህ ያነሰ ጅምር ማሰብ ያስቸግራል።

ትልቅና ዝግ አድርጎ መጀመር ግን አልመኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል ሠራተኞች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን አዋቂዎች ሲያሰቃዩ የቢቢሲ ጋዜጠኛ በስውር ቀርጾ አጋለጠ። ሕግ ነበረ፣ ተቆጣጣሪም ነበረ። ዘመድ እንደልቡ የማይገባበት ቤት እንዲህ ይሆናል። የእፎይታ ቤት ከሆነ በሩ ለእናት በማናቸውም ሰዓት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ይከፈት።

የእድር ዳኛ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ቤቱ እስኪሠራ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ደብተራችሁን ገልብጡና ቅጣት የበዛባትን ሴት ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ እዩ። እንዲህ ያለ ልጅ ካላት ቅጣቱን ሰርዙላት፣ ለቅሶ በደረሰባት ቀንም ለሌሊቱ አንድ ሰው መድቡላት። የተመደበችው ሴት እናትየዋን ከደጃፍ አታጣድፋት፤ ሁለት ጊዜ ብትመለስም እስክትጨርስ ታድምጣት።