ነፋስ የተለየው ቦይለር

በለንደን ቤቶች ግድግዳ ላይ ነጭ ቁም ሳጥን መስሎ ተሰቅሎ፣ በብርድ ወራት ለራዲያተሩም ለመታጠቢያውም ሙቀት የሚያድለው የጋዝ ቦይለር፣ ሲሠራ የሚያመሰግነው የሌለ፣ ሲያንጠባጥብ ግን ባልዲና እርግማን የሚቀርብለት ምስኪን አገልጋይ ነው። ጋዙ ይነዳል፣ እሳቱ ውሃውን ያሞቃል፣ ፓምፑ ያዞረዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አላትትበትም።

እኔ ማወደስ የምሻው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ተሸሽጎ የሚኖረውን የነፋስ ዕቃ ነው። አባቶቻችን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ተገኘ ብለው እንዳስተማሩን፣ ቦይለሩንም አስተውሎ ለተመለከተው ብረቱ ከመሬት ነው፤ ጠባያቸው የማይስማማውን ውሃንና እሳትን በመካከል ሆኖ የሚያስታርቃቸው ደግሞ ነፋስ ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ ተነሥቶ 80 ዲግሪ ሲደርስ በ3 ሊትር ገደማ ይሰፋል፤ ውሃም እንደ ጥጥ ተጨቁኖ የሚያንስ ፍጥረት አይደለምና፣ ያ ትርፍ በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ማደሪያ ይሻል። የነፋሱ ዕቃ በጎማ ሽፋን ለሁለት ስለተከፈለ፣ ውሃው ባንዱ ወገን ሲገባ ነፋሱ በሌላው ወገን ተጨምቆ ቦታ ይለቅለታል፤ ሲቀዘቅዝም መልሶ ይገፋዋል።

ይህ ነፋስ በዓመታት ብዛት ቀስ በቀስ ሲያልቅ፣ በቀዝቃዛው ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር የነበረው ግፊት እሳቱ እንደነደደ ወደ 3 ባር ያሻቅባል፤ ያን ጊዜ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ደጅ በወጣው የመዳብ ቧንቧ ያፈሰዋል።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ቤት ሄጄ ይህንኑ ጠብታ ከግድግዳው ላይ አየሁና፣ «እትዬ፣ ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኋቸው።

«እኔማ ዝናቡ ነው ብዬ! የግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ሲሆንብኝ ጧት ጧት ውሃ እሞላበታለሁ፣ ልጄ።»

እነሆ የብዙዎች ስሕተት! አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ፣ በየዕለቱ የሚሞላ ሰው ራዲያተሩን በገዛ እጁ ዝገት ይመግበዋል። የተጠራው ባለሙያም ከነፋሱ ዕቃ ላይ ያለችውን፣ የመኪና ጎማ መንፊያ የምትመስለውን አፍ ተጫናት፤ ውሃ ቢወጣ ኖሮ ጎማው ተቀድዷልና ዕቃው መለወጥ ነበረበት፤ ውሃም ነፋስም ስላልወጣ ግን፣ የቦይለሩን ውሃ አጉድሎ በእግር ፓምፕ እስከ 1 ባር ነፋለት። ቫልቩም አንድ ጊዜ ከተከፈተ ከመቀመጫው ቆሻሻ እየገባበት ብዙ ጊዜ አጥብቆ አይዘጋምና ለወጠው።

ከነጩ የፕላስቲክ ቧንቧ የሚንጠባጠበው ግን ሕማም አይደለም፤ ከጢሱ ጋር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ነው። ይህን በጨርቅ የሚወትፉ ሰዎች አይቻለሁና፣ እባካችሁ ተዉ!

ክዳኑንም ራሳችሁ አትፍቱ። በብሪታንያ ሕግ የጋዝ ሥራ የሚፈቀደው በጋዝ ሴፍ መዝገብ ለተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው፤ መታወቂያውን ገልብጣችሁ በምን በምን ሥራ እንደተፈቀደለት ከጀርባው አንብቡ። እናንተ ልታደርጉት የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት መርፌው በብርድና በሙቀት ስንት እንደሚያሳይ ጽፋችሁ ለባለሙያው ስጡት።