እንዶድም መርዝ ነው

ሰሞኑን በየቻናሉ «ኬሚካል ይቅርባችሁ፣ ቤታችሁን በተፈጥሮ ነገር አጽዱ» የሚል ምክር በዝቷል፤ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ሶዳ፣ ጨው። መተከል ዞን፣ ድባጤ ላለ ሰው ይህ እንደ አዲስ ግኝት ሲቀርብለት ትንሽ ያስቃል። ድስት በአመድ የሚፈተግበት፣ ጋን በግራዋ የሚታጠብበት፣ ወለል በእበት የሚለቀለቅበት ቤት ዛሬም ሞልቷል። በምክሩ ጠብ የለኝም። የማልቀበለው ከዛፍ የተቀጠፈ ሁሉ አይጎዳም፣ ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ይጎዳል የሚለውን ክፍፍል ነው። አንድን ማጽጃ መመዘን ያለብን በመጣበት ሳይሆን ምን እንደሚያነሳ፣ ምን እንደሚገድልና እጣቢው የት እንደሚደርስ በማየት ነው።

እንዶድን እንውሰድ። ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረው እሱ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር እድፉን ከጨርቁ ያላቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ፤ የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቷል። ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ ኩራቱ ላይ እናቆማለን። ቀንድ አውጣውን የገደለው ግን ያው ነጠላውን ያነጣው ሳፖኒን ነው፤ ዓሣም ይገድላል፤ ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ቢልሃርዚያ ባለበት ውሃ መርዝነቱ በረከት ነው፤ ዓሣ በሚጠመድበት ወንዝ ደግሞ ጥፋት ነው። ተክሉ ያው አንድ ተክል ነው።

አመድም የሚሠራው በምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ፖታሽ ከድስቱ ቅባት ጋር ሲገናኝ በመጠኑ ሳሙና ይሆናል፤ ሻካራነቱ ደግሞ ጥላሸቱን ይፍቃል። የሎሚ ኮምጣጣነት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያሟሟል። ለዚህ ሥራ ውድ ፈሳሽ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አቼቶና ሶዳ ቀላቅሉ የሚለው ምክር ግን አይገባኝም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይንተከተካሉ፣ እርስ በርሳቸው ኃይላቸውን ይጨርሳሉ፣ የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው የተጠቀመበትን ባልዲና ወለል ለማጽዳትም ሎሚ አይበቃም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው በረኪና ነው። ባለ 5 በመቶ ከሆነ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ መበረዝ ለባልዲውና ለወለሉ የሚሆነውን 0.5 በመቶ ይሰጣል። በዚህ ላይ «ይበልጥ ያጸዳል» ብሎ ሎሚ ወይም አቼቶ የጨመረበት ሰው ግን ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ቤቱ ውስጥ ፈጠረ ማለት ነው። ሽንት ያለበት መጸዳጃ ላይ በብዛት ማፍሰስም ሌላ አደገኛ ጋዝ ያስነሳል።

ለመተከል ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው የእበቱ ነገር ነው። ወለሉን ከአቧራ ይጠብቃል፣ ዋጋም የለውም። ነገር ግን የወባ መከላከያ ኬሚካል የተረጨበትን ግድግዳ በእበት ወይም በጭቃ መልሶ መለሰን መድኃኒቱን መቅበር ነው፤ ትንኟ የምታርፈው በአዲሱ ልስን ላይ ነው። የረጪዎቹ «ለወራት እንዳትለስኑ» ማሳሰቢያ ከዚህ የመጣ ነው። በእበት ውስጥ የቴታነስ ዘር ሊኖር ስለሚችልም፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እትብት አጠገብ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«እናቶቻችን በአመድና በግራዋ ኖረው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኖረዋል፤ ግን ይህን የምንለው የኖሩትን ብቻ ቆጥረን ነው። በተቅማጥ የቀሩት ሕፃናት መልስ ሊሰጡን አይችሉም። ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ፋብሪካው የደበቀንን በምን እናውቃለን?» እውነት ነው፣ መለያ የሌለው በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚበረዝ አይታወቅም፤ እኔም አልገዛውም። ግን ቤት ውስጥ ያለውን መርዝ የሚፈራ ሰው ከልብስ ሳሙናው ይልቅ አልጋው ሥር ይይ። ለእህል የተገዛ ማላታይን ለትኋንና ለቁንጫ ፍራሽ ላይ ይረጫል፤ ልጅ በዚያው ሌሊት ይተኛበታል። የፀረ አረም ጀሪካን ታጥቦ ዘይት ወይም ውሃ ይያዝበታል። ፕላስቲኩ መርዙን ስለሚመጥ በአመድም በሳሙናም ቢታጠብ አይጠራም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ቀዶ ወይም በስቶ፣ ከውሃና ከልጆች ማራቅ ነው።