ዳገቱ ስንት በመቶ ነው?

ተዳፋት ሽቅብ የተወጣው ከፍታ በአግድም ለተሄደው ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። በፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ከፍተኛው ተዳፋት 1.85 በመቶ ነው፤ ሐዲዱ 100 ሜትር በአግድም ሲጓዝ ቢበዛ 1.85 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። 100 ለ1.85 ሲካፈል 54 ገደማ ስለሚሆን ጥምርታው 1፡54 ነው። ዘዌው በታንጀንት ተገላቢጦሽ ሲሰላ ወደ 1.06 ዲግሪ ይጠጋል። በዓይን እምብዛም የማይለየው ይህ ዳገት ለባቡር ቀላል አይደለም፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ያለው ሰበቃ አነስተኛ ነውና።

ተማሪዎችን አዘውትሮ የሚያሳስተው መቶኛን ከዲግሪ ጋር ማምታታት ነው። 100 በመቶ ተዳፋት 45 ዲግሪ እንጂ 90 ዲግሪ አይደለም፤ ዘዌው ወደ 90 በተጠጋ ቁጥር መቶኛው ያለገደብ ያድጋል።

ለዊልቸር መወጣጫ የተለመደው ጥምርታ 1፡12 ሲሆን 8.3 በመቶ ወይም 4.8 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሕንፃ መግቢያ በአግድም 6 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። በ2 ሜትር ብቻ የተሠራ ግን 25 በመቶ ስለሚሆን ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው አደገኛ ነው።