የመድኃኒት እንጉዳይና የማሸጊያው ቁጥር፦ ተረትና እውነታ

በቡና፣ በሻይ ወይም በእንክብል መልክ በሚሸጡ የመድኃኒት እንጉዳይ ውጤቶች ማሸጊያ ላይ የፖሊሳካራይድ መጠን በመቶኛ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ገዢዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የመድኃኒቱ ኃይል የጨመረ ይመስላቸዋል። ስለ እነዚህ ውጤቶች ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ በሰፊው የሚያሳስተው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ በትክክል ተለክቶ የተገኘ ሆኖ ሳለ ስለ እንጉዳዩ ምንም ላይናገር ይችላል።

ፖሊሳካራይድ ማለት በርካታ የስኳር ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በዚህ የወል ስም ሥር ተመራማሪዎች ከሰውነት የበሽታ መከላከል አቅም ጋር አያይዘው የሚያጠኑት የእንጉዳይ ቤታ ግሉካን ይገኛል፤ በዳቦና በሩዝ ውስጥ ያለው ተራ ስታርችም እንዲሁ። ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ ሲሆኑ የሚለያቸው ግሉኮሶቹ የተያያዙበት መንገድ ነው፦ አልፋ የተባለውን የስታርች ማያያዣ የሰው አንጀት ኢንዛይሞች ይፈቱታል፣ ቤታ የተባለውን ግን ሊፈቱት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ የሆነውና እስከ ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት የፌኖልና የሰልፈሪክ አሲድ ዘዴ ይህን ልዩነት አያይም። አሲዱ ሰንሰለቱን ይበጣጥሳል፣ የተገኘው ውጤትም ከፌኖል ጋር ተዋህዶ ብርቱካንማ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፣ መሣሪያውም የቀለሙን ድምቀት ያነባል፤ ስኳሩ ከእንጉዳይ ይምጣ ከስንዴ ግን ሊያውቅ አይችልም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ማይሲሊየም፣ ማለትም ስስ የሆነው የፈንገሱ ክር፣ በእህል ላይ እንዲያድግ ተደርጎ ከእህሉ ጋር አንድ ላይ ደርቆ በሚፈጭበት ጊዜ ነው፤ በዱቄቱ ውስጥ የቀረው ስታርች በሙሉ «ፖሊሳካራይድ» ተብሎ ይቆጠራልና። ስለዚህ ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ ጠቅላላውን ግሉካን በብርቱ አሲድ አፍርሶ ይለካል፣ ቀጥሎ አልፋውን ብቻ በሚፈታ ኢንዛይም የአልፋውን ድርሻ ለይቶ ያወጣል፣ ከዚያም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በመቀነስ የቤታ ግሉካኑን መጠን ያገኛል። እንጉዳይ ትርፍ ኃይሉን እንደ እንስሳት በግላይኮጅን መልክ እንጂ እንደ እህል በስታርች መልክ ስለማያስቀምጥ፣ በዱቄቱ ላይ የተንጠባጠበ አዮዲን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

ስሙ አንድ ከሆነ ይዘቱም አንድ ነው የሚለው እምነትም አይጸናም። በቻይና ሊንግዢ፣ በጃፓን ሬይሺ የሚባለው እንጉዳይ ለረጅም ዘመን ከአውሮፓው ጋኖደርማ ሉሲደም ጋር በአንድ ስም ሲጠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የቻይናው ጋኖደርማ ሊንግዢ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል። በገበያው ላይ ያለውን ሁኔታ በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በአሜሪካ የተገዙ 19 የጋኖደርማ ውጤቶችን መርምሮ፣ በማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር የተስማሙት 5 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ያተኮሩት በፖሊሳካራይዶቹ የስኳር ዓይነትና በትራይተርፔኖች ላይ ነበር፤ ትራይተርፔኖች በአብዛኛው 30 ካርቦን ያሏቸው፣ ለሊንግዢ መራራ ጣዕሙን የሚሰጡ ውህዶች ሲሆኑ፣ ጋኖደሪክ አሲዶች ከእነዚህ ይመደባሉ። እነርሱን ለመለየት በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል፤ በዚህ ዘዴ ቅይጡ በደቃቅ ብናኝ በታጨቀ ቱቦ ውስጥ ሲገፋ እያንዳንዱ ውህድ በራሱ ሰዓት ይወጣል፣ የሚወጣበትም ሰዓትና መጠኑ ተመዝግቦ ከታወቀ ንጹሕ ናሙና ጋር ይነጻጸራል።

እንጉዳዩን በውኃ ማፍላት ያለውን ሁሉ ያወጣል የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በውኃ የሚሟሙ ፖሊሳካራይዶች በሙቅ ውኃ ይወጣሉ፤ ትራይተርፔኖች ግን በውኃ እምብዛም ስለማይሟሙ በአልኮል መወሰድ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም ይልቅ በሕይወት ላይ የሚያስከትለው አደጋ የከፋው ግን፣ በእንጉዳዩ ውስጥ ጠቃሚ ውህድ መገኘቱ ተረጋግጧልና በሽታን ይፈውሳል የሚለው መደምደሚያ ነው፤ ይህን አምኖ የታዘዘለትን መድኃኒት ያቋረጠ ሕመምተኛ የሚከፍለው ዋጋ በገንዘብ አይተመንምና። የኬሚካል ትንተና ምን እንዳለና ስንት እንዳለ ይነግራል፤ ለሕመምተኛው ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም ያወጣው ግምገማ፣ በድምሩ 398 ተሳታፊዎች የነበሩባቸውን 5 ሙከራዎች አይቶ፣ ጋኖደርማ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር ሕመም አጋላጭ ሁኔታዎችን ይቀንሳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። በአንጻሩ ከሺታኬ እንጉዳይ የተገኘው ሌንቲናን የተባለ ቤታ ግሉካን እ.ኤ.አ. በ1969 በጃፓን ተመራማሪዎች ተለይቶ ከታወቀ በኋላ፣ ተጣርቶ፣ መጠኑ ተወስኖና በሕሙማን ላይ ተፈትሾ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዚያው አገር ለጨጓራ ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር አብሮ የሚሰጥ የመርፌ መድኃኒት ሆኖ ጸድቋል፤ ከአንዱ ምዕራፍ እስከ ሌላው የወሰደበት ጊዜም 16 ዓመት ነው።