26 ሁሉ አንድ አይደለም
ለልጅዎ ብስክሌት መለዋወጫ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ለልጃቸው ብስክሌት የገዙ ወላጆች፣ ደስታው ከበዓሉ ማግስት አልፎ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ብስክሌት ግን ሲነዳ ያልቃል። ጎማው ይበላል፣ ፔዳሉ ይላላል፣ ፍሬኑ ይደክማል። ያኔ ወላጅ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የዚህ ብራንድ ዕቃ አላችሁ?»

ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ያስወጣል። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሌሞ ቀበሌዎች ወይም በዱራሜ ለሚኖር ቤተሰብ፣ በሰው አስልኮ ያመጣው ጎማ ቸርኬው ላይ አልገባ ካለ ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በግድ እንዲገጥም የተደረገ ዕቃ ነው፤ ልጁ ቁልቁለት ላይ ሳለ ሊከዳው ይችላል።

ደግነቱ፣ አብዛኛው የብስክሌት ዕቃ የሚገጥመው በብራንድ ስም ሳይሆን በልክ ነው። ልኩን የያዘ ሰው ከየትኛውም አምራች የተሠራ ዕቃ መግዛት ይችላል።

ጎማ፦ ትንሿን ቁጥር ያንብቡ

በጎማ ጎን ላይ በትልቁ 20፣ 24 ወይም 26 ተብሎ ይጻፋል። ይህ በኢንች የሚነገር የመጠሪያ ስም እንጂ ትክክለኛ ልክ አይደለም። ትክክለኛው ልክ ከአጠገቡ በትንሹ የተጻፈው ነው። ለምሳሌ 50-559 ቢል፣ 50 የጎማው ውፍረት፣ 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። ይህ አጻጻፍ አይኤስኦ 5775 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው።

በተራራ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 26 × 1.95 ጎማ የሚቀመጥበት ልክ 559 ነው። 26 × 1 3/8 የተባለው ግን 590 ነው። ሁለቱም «26» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን 31 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ ጎማ ትልቁ ቸርኬ ላይ ጨርሶ አይገባም። ትልቁን ትንሹ ቸርኬ ላይ ቢያስገቡት ደግሞ ይላላና ሲነፋ ወይም ሲነዳ ሊወጣ ይችላል። የልጆች ጎማም ከዚህ አያመልጥም። 20 ኢንች ተብለው ከሚሸጡት 20 × 1.75 ልኩ 406 ሲሆን፣ 20 × 1 3/8 ግን 451 ነው።

ስለዚህ በነጥብ የተጻፈውን በክፍልፋይ ከተጻፈው ጋር አያለዋውጡ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ በወረቀት ይዘው ቢሄዱ እንኳ ከብዙ ምልልስ ይድናሉ። የውስጥ ጎማ ስለሚለጠጥ ከውጭው ይልቅ ቻይ ነው። የመንፊያው አፍ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ልክ መሆን አለበት፤ እንደ መኪና ጎማ ያለው አፍ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቀጭኑ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ፔዳል፦ ግራና ቀኙ ይለያያል

የብዙ አዋቂ ብስክሌቶች የፔዳል ብሎን ውፍረት 9/16 ኢንች ነው። በብዙ የልጆች ብስክሌቶች ላይ፣ በተለይ ግራና ቀኝ የፔዳል ክንዳቸው ከአንድ ብረት የተቀጠፈ ከሆነ፣ ልኩ 1/2 ኢንች ነው። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም።

ሌላው ጉዳይ ጥርሱ ነው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ይጠብቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ነው። ሁለቱንም ለማጥበቅ መፍቻውን ከላይ ወደ ፊት ጎማው አቅጣጫ ማዞር ነው። በእጅ ሲጀመር በቀላሉ ካልገባ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው። በመፍቻ ከታገሉት የፔዳሉ ክንድ ጥርስ ይበላሻል፤ ያኔ መቀየር ያለበት ፔዳሉ ብቻ አይሆንም።

ፍሬን፦ በዚህ አይቀለድም

በቸርኬው ግራና ቀኝ ቆመው እንደ መቆንጠጫ የሚጨብጡት ረጃጅም ክንድ ያላቸው ፍሬኖች፣ ሽቦውን ብዙ የሚስብ እጀታ ይፈልጋሉ። ለሌላ ዓይነት ፍሬን የተሠራ፣ ሽቦውን ጥቂት ብቻ የሚስብ እጀታ ቢገጠምላቸው፣ እጀታው መሪውን እስኪነካ ተጨብጦም ብስክሌቱ በወጉ ላይቆም ይችላል። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ይታወቃል። የዲስክ ፍሬን ሸራ ደግሞ ቅርጹ እንደ አምራቹና እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ፣ አሮጌውን አውልቀው ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ።

ብራንድ የሚለየው የት ነው?

ማርሽ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ስሙም ዋጋ አለው። የጃፓኑ ሺማኖና የአሜሪካው ስራም የሚሠሯቸው የኋላ ባለ 8 ደረጃ ማርሾች አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ። የማርሽ መቀየሪያ እጀታቸው ግን ሽቦውን የሚስበው በተለያየ መጠን ሊሆን ስለሚችል፣ የአንዱን እጀታ ከሌላው ማርሽ ቀያሪ ጋር ማጣመር ብዙ ጊዜ ማርሹ በቦታው እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ማርሽ ለሌለው ብስክሌት ይህ ራስ ምታት የለም። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ ለጀማሪ ልጅ ቀላሉን ብስክሌት መምረጥ አንድ ብልሃት ነው።

ከቤት ሲወጡ

አሮጌውን ዕቃ አውልቀው ይዘው ይሂዱ፤ ካልተቻለ የተጻፈበትን ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱ። ዕቃው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ባይገጥም ስለመመለሱ ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። አዲስ ብስክሌት ሲገዙ የጎማውን ቁጥር ቤት ውስጥ ጽፈው ያስቀምጡ፤ አንድ መጠባበቂያ የውስጥ ጎማም አብረው ይያዙ። ከጥገና በኋላ ደግሞ ልጁ ከመንዳቱ በፊት ብስክሌቱን እየገፉ ሁለቱንም ፍሬኖች ተራ በተራ ይጨብጡ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ወደ ሠሪው ይመልሱት።