ኪሎሌ ሐይቅ ምን ሆነ?

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሲነሡ ቀድመው የሚጠሩት ሆራ፣ ባቦጋያና ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን ኪሎሌን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስለ ሐይቆቹ ዕጣ የሚጨነቅ ሰው ግን ከኪሎሌ መጀመር አለበት እላለሁ።

የሁሉም አፈጣጠር አንድ ነው። ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኘ፤ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን በርቅሶ ወጣ፤ የቀረው ጉድጓድ ሐይቅ ሆነ። ዳርቻቸው ገደል የሆነው፣ የቢሾፍቱ ሐይቅም ትንሽ ሆኖ ሳለ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ለዚህ ነው። ከላያቸው የሚፈስስ መውጫ ስለሌላቸው ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ ጨዉ ይቀራል።

ኪሎሌና በዚያው አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ በዚህ የተነሣ ሶዳማ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውኃ ለብዙ ፍጥረት አይመችም፤ ፍላሚንጎ የሚመገበው ስፒሩሊና የተባለ ደቂቅ አልጌ ግን ይፋፋበታል። እንግሊዛዊው ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ሁለት ሐይቆች አልጌ ምግብ የማምረት አቅም መርምረው፣ በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ሊደረስበት ለሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ማሳያ አደረጓቸው።

በ1989 እ.ኤ.አ. የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ኪሎሌ ገባ። የታሰበው መስኖ ነበር፤ ገበሬ ውኃ መፈለጉን የሚነቅፍ የለም። የወንዙ ውኃ ግን ጨዉን አቀጠነው፤ ስፒሩሊናው ጠፋ፤ የጨው አልባ ውኃ ፍጥረታት ቦታውን ያዙ። ተመራማሪው ብሩክ ለማ ለውጡን ተከታትለው ጽፈውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ በዓለም ብርቅ የነበረ ሐይቅ በአንድ ቦይ ሲለወጥ ከተመራማሪዎች ውጭ ጉዳዬ ያለው ሰው ማነሱ ነው።

ያው ቸልታ ዛሬ በከተማው ሐይቆች ላይ ይታየኛል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውኃ ይወጣል፤ ዓሣም ይሞታል። ነገሩ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን ከከተማ የሚገባ ቆሻሻ በበዛ መጠን ከታች የሚበሰብሰውም ይበዛል፣ እልቂቱም ይከፋል። በሐይቆቹ ዳርቻ ሆቴል ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ፍሳሹ የት እንደሚሄድ በጽሑፍ መልስ ሳይቀበል መፈረም የለበትም። ዳርቻው ራሱም የሕዝብ ነው፤ ኢሬቻ የሚከበርበት የሆራ ዳር ለሁሉ ክፍት እንደሆነ ሁሉ፣ የቀሩትም ሐይቆች ከአጥር ውጭ ሰው የሚደርስባቸው መንገድ ሊተውላቸው ይገባል።