ተማሪ የጣለው ዳስ

ነሐሴ 13 ቀን በተቃረበ ቁጥር፣ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድና ጉም መካከል የጅራፍ ድምፅ በደብረ ታቦር ዙሪያ ሲያስተጋባ፣ ልጆችም ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ሲቀበሉ የሚያይ ሰው፣ በዓሉን የእረኞችና የሕፃናት ደስታ ብቻ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን ከተማዪቱ ስሙን የወረሰችው የታቦር ተራራ ታሪክ በምሥጢሩ የተማሪዎች ታሪክ ነው። ሙሴ ከሙታን፣ ኤልያስም ከሕያዋን ተጠርተው ከጌታ ጋር ሲነጋገሩ የሰሙት ሦስት ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ ለእንግዶቹ ዳስ እንሥራ ብሎ አሳብ ያቀረበው ጴጥሮስ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ከተራራው ሲወርዱም፣ ያዩት ነገር ጻፎች ስለ ኤልያስ መምጣት ከሚያስተምሩት ጋር እንዴት እንደሚስማማ መምህራቸውን የጠየቁት እነዚሁ ነበሩ። ታላቅ ሰው ይመጣል፣ ተማሪ ይሰማል፣ ዳስ ሊጥል ይነሣል፣ በመጨረሻም ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቀው ተቋም፣ ማለትም ተማሪዎች ራሳቸው አቋቁመው የታወቁ ሰዎችን በጉባኤ ፊት የሚጠይቁበት መድረክ፣ ሥርዓቱ የቆመው በእነዚህ አራት ነገሮች ላይ ነው።

በዚህ መድረክ ጋባዡም፣ ጠያቂውም፣ ሥርዓት አስከባሪውም ተማሪ ሲሆን፣ ተጋባዡ ግን በሹመቱ፣ በዕውቀቱ ወይም በሥራው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሰው ነው። ከተራ ንግግር የሚለየውም፣ ንግግር የሚያደርግ ሰው የወደደውን አንሥቶ ያልወደደውን ሲተው፣ በጥያቄ መድረክ የሚቀመጥ ሰው ግን የነገሩን ግማሽ ለጠያቂው ስለሚለቅ ነው። መልሱም በዚያው ሰዓት፣ በሰሚ ሁሉ ጆሮ ፊት ስለሚሰጥ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተመልሶ አይታረምም። ቋንቋችን ይህን ነገር ቀድሞ ያስተዋለው ይመስለኛል፤ «ተጠያቂ» ስንል ጥያቄ የቀረበለትን ሰው ማለታችን ነው፤ ደግሞም ስለ ሥራው ኃላፊነት ያለበትን ሰው ማለታችን ነው። በጥንቱ ችሎትም ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ በአደባባይ ሲሟገቱ፣ ተጠየቅ የተባለው ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ በሕዝብ ፊት ይያዝበት ነበር።

በደቡብ ጎንደር ደጋዎች የዚህ ተቋም ሥር የሚገኘው በአብነት ትምህርት ቤቶች ነው። በጋይንት ምድር ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ምስክርነታቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ሲሆኑ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም መዲና ናት። ይህን አቋቋም የፈጠሩት በፎገራ የናቤጋው ሰው፣ በጥበባቸውና በፈጣን መልሳቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ሲሆኑ፣ የዝማሜውን ውዝዋዜ ከጣና ማዕበል ተመልክተው እንዳወጡት ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ባልተቀበሉት ጊዜ፣ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግተው ለተማሪዎች ስላስተማሩት በስማቸው ተጠራ፤ ዐዋቂዎች የነቀፉት ነገር በተማሪዎች ጉባኤ መጠጊያ አገኘ።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዘመኑን ሙሉ ተማሪው ተጠያቂ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ተቀምጦ ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ በነገራው ሰዓት በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ሲወጣ፣ እያንዳንዱን ደረጃ የሚያልፈው በሰሚ ፊት ቆሞ ነው። የደብረ ታቦር በዓል ሲመጣ ግን ተራው ይለወጣል። ተማሪዎቹ ለምዳቸውን ለብሰው፣ አኮፋዳቸውን አንግተው፣ «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ እህል ይለምናሉ፤ ያገኙትን ሰብስበው ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሥራውን በመካከላቸው ተከፋፍለው፣ መምህራቸውን፣ ካህናቱንና የአገሩን ሰው ይጋብዛሉ። ዓመቱን ሙሉ እንጀራ የለመነው ልጅ በዚያ ቀን አብልቶ አጠጪ ሆኖ ይቆማል፤ በታላላቆቹም ፊት በሰምና ወርቅ ቅኔውን ያቀርባል። በሰሙ ያመሰግናል፣ በወርቁ ሊወቅስም ይችላል፤ ይህንንም ማንም ድፍረት አይለውም፤ ጋባዥ ነውና በገዛ ዳሱ የመናገር መብት አለው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ይህ ልማድ ልብስ ለውጦ ተከተለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የካቲት 20 ቀን 1943 ዓ.ም. በይፋ ከተመረቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ የኮሌጅ ቀን በሚሉት በዓል በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ፊት ግጥም ያነቡ ጀመር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ባነበበ ጊዜ፣ በዚያ መድረክ የተሰማው የአንድ ተማሪ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ አዳራሽ ወንበር ያልነበረው ድኻ በተማሪው አንደበት ቀረበ። ግጥሙ በቅርጹ ጥያቄ ባይሆንም በሥራው ግን ተጠየቅ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መድረኩ ጭብጨባ ብቻ የሚሰማበት ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም።

በሌላው ዓለም ይህን ሥርዓት በቋሚ ቤት ካጸኑት መካከል የእንግሊዝ ተማሪዎች ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1815 በካምብሪጅ፣ በ1823 ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒየን የሚባሉ የክርክር ማኅበራት ተቋቋሙ። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲዎቻቸው አስተዳደር የተለዩ ሲሆኑ፣ ሊቀ መንበራቸው በየትምህርት ወቅቱ በተማሪዎች የሚመረጥ ተማሪ ነው፤ ሚኒስትርም ሆነ ጸሐፊ ወደ አዳራሹ ሲገባ ለዚህ ወጣት ሥርዓት ይገዛል። አንድ አሳብ ይቀርባል፤ ደጋፊና ተቃዋሚ ይናገራሉ፤ አድማጭ በመካከል ተነሥቶ ጥያቄ ለማቅረብ ሊለምን ይችላል፤ በመጨረሻም በኦክስፎርድ የሚደግፈው በአንድ በር፣ የሚቃወመው በሌላ በር ሲወጣ ድምፁ ይቈጠራል። በ1933 የካቲት ወር የኦክስፎርድ ተማሪዎች ስለ ንጉሥና ስለ አገር አንዋጋም የሚለውን አሳብ በ275 ድምፅ ለ153 ባጸደቁ ጊዜ አገሩ ሁሉ ታወከ። በ1965 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ባልድዊን በካምብሪጅ ስለ ወገኑ መከራ ከወግ አጥባቂው አሜሪካዊ ጸሐፊ ከዊልያም ባክሊ ጋር ተከራክሮ በ544 ድምፅ ለ164 አሸነፈ። በገዛ አገሩ ፍትሕ የተነፈገ ሰው በባዕድ አገር ተማሪዎች ዳስ ውስጥ ሰሚ አገኘ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የመድረኩ ክብር በተጋባዡ ትልቅነት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ተማሪው ዳሱን ራሱ ካልጣለው፣ ሌላ ሰው በጣለለት ዳስ ውስጥ እንግዳ ስለሚሆን፣ የተፈቀደለትን ብቻ ይጠይቃል፤ ዳሱን ጥሎ ሳይዘጋጅ ከቀረበ ደግሞ፣ ያልተጠመቀ ጠላ ለመቅዳት ጋን ይዞ እንደ መቅረብ ይሆንበታል። የእንግዳውን ሥራ መርምሮ፣ የተናገረውን ካደረገው አስተያይቶ፣ ቃሉን በትሕትና አለዝቦ፣ ነገሩን ግን ሳያለዝብ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ታላቁን ሰው አያዋርደውም፤ ይልቁንም መልስ ሊሰጥ የሚገባው ሰው አድርጎ ያከብረዋል።

ዛሬ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በዚያም የሚማሩ ወጣቶች ባለሥልጣንን፣ ሊቅን ወይም ነጋዴን ጋብዘው በጉባኤ ለመጠየቅ ሲነሡ፣ ሥርዓቱን ከባሕር ማዶ ከመቅዳታቸው በፊት በአጠገባቸው ያለውን የቆሎ ተማሪ ቢመለከቱ እወዳለሁ። እርሱ ለበዓሉ የሚያቀርበውን እህል ከራሱ ጎተራ አላወጣውም፤ ከባለጸጋው ቁና፣ ከመበለቲቱ እፍኝ ተቀብሎ ነው ድግሱን የሚደግሰው። እንዲሁ የመድረኩ ጠያቂ የፎገራን የሩዝ ገበሬ፣ የፋርጣን ድንች አምራች፣ የገበያዋን እናትና የአብነት መምህሩን ምን ልጠይቅላችሁ እያለ በየደጁ ቢዞር፣ በአኮፋዳው የሚሞላው ጥያቄ የሕዝብ ጥያቄ ይሆናል። እንግዳውም በዚያ ዳስ ሲቀመጥ የሚቀርብለት፣ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ተዋጥቶ የተጋገረ ዳቦ ነውና፣ ሲመልስ ለአንድ ተማሪ ሳይሆን እፍኙን ለሰጡት ሁሉ ይመልሳል።